የእንሽርት ሽፋን በማዕድን እንክብል አይጠነክርም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ነፍሰ ጡሮች እየተቀባበሉ ሲያነቡት የሰነበቱት አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጽንሱን የከበበው ሽፋን የሚኖረው በሶዲየም፣ በፖታሲየም፣ በካልሲየምና በማግኒዚየም አዮኖች (በፈሳሽ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል በያዙ የማዕድን ቅንጣቶች) ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ሲዛባ ሽፋኑ ይሳሳል፤ የእንሽርት ውሃም ያለ ጊዜው ይፈሳል። ከዚህ ተነሥቶ ለእናቲቱ እንዲህ ያዝላታል፦ በቀን 600 ሚሊግራም ማግኒዚየም ቶሪን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር፤ 2,000 ሚሊግራም ካልሲየም ከብረት እንክብሏ ጋር ጠዋት ባንድ ጊዜ፤ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከ400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ጋር፤ 50 ሚሊግራም ዚንክ። ጨው ጨርሳ እንድትተው፣ ውሃው አንሷል ከተባለች ወይም ከፈሰሳት ደግሞ በቀን 5 ሊትር ውሃ እየጠጣች እቤቷ እንድትጠብቅ ይመክራታል።

አዮኖች ለሽፋኑ ወሳኝ ናቸው መባሉ እውነት ነው። ጸሐፊው ከእንክብል በፊት ምግብ ይቅደም ማለታቸውም ተገቢ ነው። ስሕተቱ ከዚያ በኋላ ይጀምራል፦ በላብራቶሪ ዕቃ ውስጥ በተዘረጋ ቁራጭ ሽፋን ላይ የታየ ነገር፣ በእናት ሆድ ውስጥ ላለው ሽፋን የመድኃኒት ማዘዣ ሆኖ ቀረበ። በሁለቱ መካከል አንጀት፣ ኩላሊት፣ አጥንትና እንግዴ ልጅ አሉ። ጽሑፉ አራቱንም ዘሏቸዋል። ከምክሮቹ አንዳንዶቹ የማይጠቅሙ ብቻ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን እናትንም ልጅንም ይጎዳሉ፤ በእነዚህኛዎቹ ላይ ረዘም ብለን እንቆማለን።

«እናት የምትውጠው ማዕድን ሽፋኑን በቀጥታ ይመግበዋል»

አይመግበውም። የእንሽርት ከረጢት የተሠራው ከሁለት የተጣበቁ ሽፋኖች ነው፦ ውሃውን የሚነካው ውስጠኛው አምኒዮንና በማሕፀን ግድግዳ በኩል ያለው ኮሪዮን። አምኒዮን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። በውሃው በኩል አንድ ረድፍ ሴሎች አሉት፤ ከሴሎቹ ሥር ደግሞ ጥንካሬውን የሚሰጠው የኮላጅን (የፕሮቲን ክር) ንጣፍ አለ። የደም ሥርም ነርቭም የለውም። ስለዚህ እናት የዋጠችው እንክብል ወደ እሱ የሚደርስበት የራሱ የደም መንገድ የለም፤ የሚያስፈልገውን የሚያገኘው ከእንሽርት ውሃውና ከአጠገቡ ካለው ህብረ ህዋስ ሰርጎ ከሚመጣው ነው።

ከእናት ወደ ልጅ ማዕድን የሚተላለፈው በዋናነት በእንግዴ ልጅ በኩል ነው፤ እንግዴ ልጅ ደግሞ የመጣለትን ሁሉ ዝም ብሎ አያሳልፍም። ካልሲየምን እንውሰድ። ጊዜው የደረሰ ጽንስ 30 ግራም ገደማ ካልሲየም ያከማቻል፤ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉን የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። በጽንሱ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም በእናቱ ደም ውስጥ ካለው ይበልጣል፤ እንግዴ ልጅ ጉልበት እያወጣ ወደ ጽንሱ ስለሚገፋው። እናቲቱ በምግቧ ካልሲየም ቢያንሳት ከአጥንቷ ተወስዶ ይሰጠዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አምኒዮን ዋና በር አይደለም።

የእንሽርት ውሃውን የአዮን ይዘት የሚወስነው ጽንሱ ራሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሃው ከደም ፈሳሽ ጋር ይቀራረባል። ከ22 እስከ 25 ባሉት ሳምንታት የጽንሱ ቆዳ ሲጠነክር በቆዳው በኩል የነበረው ዝውውር ያከትማል፤ ከዚያ ወዲያ ትልቁ ምንጭ የጽንሱ ሽንት ነው። ሽንቱ ሶዲየሙ ዝቅ ያለ ቀጭን ፈሳሽ በመሆኑ የእንሽርት ውሃውም እየቀጠነ ይሄዳል። በመውለጃው ሰሞን ኦስሞላሊቲው (በውስጡ የሟሙት ቅንጣቶች ብዛት) ከ250 እስከ 260 ሚሊኦስሞል በኪሎግራም ይሆናል፤ የእናትና የጽንሱ ደም ግን ከ270 በላይ ነው። ውሃን ከእንሽርት ወደ ጽንሱ ደም የሚስበው ይህ ልዩነት ነው። በእንግዴ ልጁ ገጽ ላይ በተዘረጉት የጽንሱ ደም ሥሮች በኩል በቀን ከ200 እስከ 500 ሚሊሊትር ይመጠጣል። በሽፋኖቹ አልፎ በቀጥታ ወደ እናት የሚሻገረው ግን በቀን 10 ሚሊሊትር አካባቢ ብቻ ነው።

እንግዲህ የአዮን ሚዛኑን የያዙት የጽንሱ ኩላሊት፣ ሳንባው፣ የሚውጠው መጠንና ይህ የመምጠጥ ሥራ ናቸው። እናት ጠዋት ምን ዋጠች የሚለው ከዚህ በጣም ሩቅ ነው።

«ማግኒዚየምና ቶሪን ሽፋኑን እንደሚያጠነክሩ በላብራቶሪ ተረጋግጧል»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ስለሆነ በደንብ መታየት አለበት። ጸሐፊው የጠቀሱት ዓይነት ሥራ በእርግጥ አለ። በ1980ዎቹ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ሚሼል ባራና አንድሬ ጊዬ-ባራ ከሰው እንግዴ ልጅ የተወሰደ አምኒዮን ላይ ብዙ ሙከራ አድርገዋል፤ ማግኒዚየም፣ ቶሪንና ቫይታሚን ቢ6 በሽፋኑ የሚያልፈውን የአዮን ዝውውር እንደሚለውጡም አሳይተዋል። ሥራው የተከበረ ነው። ከማግኒዚየም ጀርባ ያለው ሳይንስም አያከራክርም፦ በየሴሉ ሦስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም የሚያስገባው ፓምፕ የሚጠቀምበት ኤቲፒ (የሴል የኃይል ምንጭ) ከማግኒዚየም ጋር የተጣመረው ነው። ማግኒዚየም ክፉኛ ሲጎድል ኩላሊት ፖታሲየምን መያዝ ያቅተዋል፤ ማግኒዚየሙ ሳይተካ ፖታሲየም ብቻ ቢሰጥም አይስተካከልም።

ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ሙከራ አሠራር ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል። ከወሊድ በኋላ የተገኘው ሽፋን ተቆርጦ ጨዋማ ፈሳሽ በያዙ ሁለት ክፍሎች መካከል ይወጠራል፤ በሁለቱም በኩል ኤሌክትሮድ ይገባል፤ ከዚያ የማዕድኑ መጠን እየተለወጠ ሽፋኑ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይለካል። እዚህ ላይ ጽሑፉ ሁለት ነገሮችን ቀላቅሏል። የተለካው አዮን የማሳለፍ አቅም ነው፤ የመቀደድ ኃይልን የመቋቋም አቅም አይደለም። አዮን በብዛት የሚያሳልፍ ሽፋን ጠንካራ ነው ማለት አይቻልም። ጥንካሬው የሚመጣው ከኮላጅኑ ነው፤ ሽፋኑ ያለ ጊዜው የሚቀደደውም በአብዛኛው በኢንፌክሽንና በብግነት ምክንያት ኮላጅኑን የሚበሉ ኢንዛይሞች ሲበዙ ነው። ደም መፍሰስ፣ ሲጋራ፣ መንታ እርግዝናና የእንሽርት ውሃ ከልክ በላይ መብዛትም የታወቁ መነሻዎች ናቸው።

ሁለተኛው፣ ተመራማሪው በዕቃው ውስጥ ያለውን ማግኒዚየም የፈለገው መጠን ላይ ማድረስ ይችላል። በጤነኛ ሰው ደም ግን ከ0.7 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ተይዞ ይኖራል፤ ሲተርፍ ኩላሊት ያስወጣዋል። እንክብል የሚውጥ ጤነኛ ሰው ይህን አጥር አልፎ ብዙ ርቀት አይሄድም።

አጥሩ በእርግጥ የታለፈበት ሁኔታ አለ፤ መልሱም እዚያው ይገኛል። ማግኒዚየም ሰልፌት በደም ሥርና በጡንቻ ሲሰጥ በእናት ደም ያለው መጠን ከ2 እስከ 3.5 ሚሊሞል ይደርሳል፤ ከመደበኛው እጥፍ በላይ ነው። ያለ ጊዜው የመጣን ምጥ ለማቆም ለብዙ ዓመታት በዚህ መልክ ተሞክሯል። ሙከራዎቹ ተሰብስበው ሲመዘኑ ያለ ጊዜው መውለድን እንደማይከላከል ታየ። በእንክብል የተደረጉትም እንደዚሁ ናቸው፦ የሕክምና ሙከራዎችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2014 ያወጣው ግምገማ 9,090 ሴቶችን ያካተቱ 10 ሙከራዎችን መዝኖ፣ በእርግዝና ማግኒዚየም መውሰድ ለእናትም ለልጅም ይጠቅማል የሚያሰኝ በቂ ጥራት ያለው ማስረጃ አላገኘም።

600 ሚሊግራሙስ ምን ያደርጋል? ለነፍሰ ጡር በቀን የሚያስፈልገው ማግኒዚየም ከምግብ ጭምር 350 እስከ 360 ሚሊግራም ነው። ከእንክብል ብቻ የሚወሰደው ከ350 እንዳያልፍ የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ወሰን አስቀምጧል። ከዚያ ሲያልፍ በአንጀት ያልተመጠጠው ማግኒዚየም ውሃ ይስብና ተቅማጥ ያመጣል። በተቅማጡ ፖታሲየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይወጣሉ። የአዮን ሚዛን እንዲጠበቅ ተብሎ የተዋጠው እንክብል ሚዛኑን የሚያዛባው በዚህ መንገድ ነው። ኩላሊቷ የደከመ ሴት ከወሰደችው ደግሞ ማግኒዚየሙ መውጫ አጥቶ በደሟ ይጠራቀማል፦ ከ3.5 ሚሊሞል ሲያልፍ የጉልበት መልሶ ምት (ጉልበት ሲመታ እግር መወርወሩ) ይጠፋል፤ ከ5 ሲያልፍ ትንፋሽ ይቆማል።

ማግኒዚየም ወደ ጽንሱም ይሻገራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ለዚህ ነው፦ ማግኒዚየም ሰልፌት ምጥ ለማቆም ተብሎ ከ5 እስከ 7 ቀን በላይ በተከታታይ ሲሰጥ በጽንሱ ላይ የካልሲየም ማነስና የአጥንት መሳሳት ታይቷል። ያ በመርፌ የሚሰጠው ትልቅ መጠን እንጂ እንክብል አይደለም፤ ግን «ተፈጥሯዊ ማዕድን ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም» የሚለውን የጽሑፉን አነጋገር ለመመለስ ይበቃል።

ማግኒዚየም ቦታው የት እንደሆነ በትክክል ይታወቃል። በ2002 ውጤቱ የታተመው የማግፓይ ሙከራ ከ10,000 በላይ ሴቶችን ይዞ፣ የእርግዝና ደም ግፊት ያለባቸው ላይ ማግኒዚየም ሰልፌት ከዚሁ ደም ግፊት የሚመጣውን መንዘፍዘፍ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። አሰጣጡ 4 ግራም ቀስ ብሎ በደም ሥር፣ ወዲያው 10 ግራም በጡንቻ በሁለቱ መቀመጫዎች ተከፍሎ፣ ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም ነው። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ትንፋሽ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ መሆኑ፣ የጉልበት መልሶ ምት መኖሩ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊሊትር መውጣቱ ይታያል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም አጠገብ ይቀመጣል። ከ32 ሳምንት በፊት መውለዷ የማይቀር ሴትም የልጇን አእምሮ ለመከላከል ይሰጣታል። ለእግር ቁርጥማት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ በእንክብል መልክ ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎታል። ከእነዚህ ውጭ ምግቡ ይበቃል፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ብቻውን 180 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዚየም አለው፤ ሊጡ ሲቦካም ማዕድኑን የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ባቄላ፣ ሽምብራና የዱባ ፍሬም ሞልተዋል።

ስለ ቶሪን አንድ ነገር ብቻ። ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፤ ነፍሰ ጡር በእንክብል ትውሰደው የሚል የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የለም። ጽሑፉን አንብበው በጣሳ የሚሸጡ ኃይል ሰጪ መጠጦች ውስጥ የሚፈልጉት ካሉ ይተዉት፤ ከቶሪኑ ጋር ብዙ ካፌይን አለበት።

«2,000 ሚሊግራም ካልሲየም ከብረት ጋር ጠዋት ባንድ ጊዜ»

ካልሲየም ላይ ጸሐፊው ወደ እውነቱ ቀርበው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ካልሲየም ከምግብ በሚያንስባቸው አገሮች ለነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይመክራል። ምክንያቱ ግን የሽፋን ጥንካሬ አይደለም፤ የእርግዝና ደም ግፊትን ስለሚቀንስ ነው። በኢትዮጵያ ወተት አዘውትረው ለማያገኙ፣ በጾም ወራትም ለሚተዉት እናቶች ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው ነው። በ2024 በሕንድና በታንዛኒያ በእያንዳንዱ አገር 11,000 የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ወጥቷል፤ ደም ግፊቱን በመከላከል ረገድ በቀን 500 ሚሊግራም ከ1,500 እንደማያንስ አሳይቷል። ያለ ጊዜው መውለድን በተመለከተ ግን የታንዛኒያው ውጤት ያንኑ ለማለት አላስቻለም። ስለዚህ መጠኑን የክትትል ባለሙያዋ ትወስን።

አወሳሰዱ ላይ የተሰጠው ምክር ግን ሁለቱንም መድኃኒት ያባክናል። አንጀት ባንድ ጊዜ በደንብ የሚመጥጠው 500 ሚሊግራም አካባቢ ካልሲየም ነው፤ 2,000 ሚሊግራም ባንዴ ቢዋጥ ትልቁ ክፍል ሳይመጠጥ ያልፋል፤ የሆድ ድርቀትም ያመጣል። አብሮት የተዋጠውን ብረትም እንዳይመጠጥ ያግደዋል። እናቲቱ ለወራት ብረት እየዋጠች ደሟ ከፍ የማይለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

የሚሠራው አወሳሰድ ይህ ነው። የእንክብሉ ልጣፍ ላይ «ካልሲየም ካርቦኔት 1,250 ሚሊግራም» የሚል ከሆነ በውስጡ ያለው ካልሲየም 500 ሚሊግራም ነው፤ 40 በመቶው ማለት ነው። አንዱን ከቁርስ ጋር፣ አንዱን ከምሳ ጋር፣ ሦስተኛ ከታዘዘ ከእራት ጋር። ካርቦኔቱ የሆድ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ይሻላል። ብረቱ፣ ማለትም 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘው እንክብል፣ ከካልሲየሙ ቢያንስ 2 ሰዓት ተራርቆ ይወሰድ። ቡና በቀን ሁለት ሦስቴ በሚፈላበት ቤት አመቺው ሰዓት መኝታ ላይ ነው፤ የቡናና የሻይ ታኒንም ብረትን ይይዛልና ከቡና በፊትና በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይጠበቅ። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ሲዋጥ መመጠጡ ይሻሻላል፤ በወተት አይዋጥም። የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነች ከሁለቱም 4 ሰዓት ታርቀው።

ቃር ያለባት ነፍሰ ጡር በተጨማሪ የቃር ማስታገሻ ካልሲየም ካርቦኔት የምታኝክ ከሆነ እሱም ይደመር። በጠቅላላው ከ2,500 ሚሊግራም ካልሲየም በቀን ማለፍ የለበትም። ከመጠን ያለፈ ካልሲየም ካርቦኔት ከትውከት ጋር ሲገጥም የደም ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል።

«ቫይታሚን ሲ እና ኢ አብረው ሲወሰዱ ሽፋኑ አይቀደድም»

ይህ ተሞክሮ የከሸፈ ብቻ አይደለም፤ ጉዳት የታየበት ነው። ሐሳቡ መሠረት ነበረው፦ ኮላጅን የሚጠነክረው ቫይታሚን ሲና ብረት በሚፈልግ ኢንዛይም ነው። በሜክሲኮ ተደርጎ በ2005 በታተመ ትንሽ ሙከራ ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን 100 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ የወሰዱ ሴቶች ላይ ሽፋን ቀድሞ መቀደድ ከ52ቱ በ4ቱ ታየ፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት 57 ሴቶች ግን በ14ቱ። ጸሐፊው የጠቀሱት ይህንን ይመስላል።

ይሁንና መጠኑን አሥር እጥፍ አድርጎ ቫይታሚን ኢ መጨመር ሌላ ነገር ነው። ልክ ጸሐፊው ያዘዙት መጠን፣ 1,000 ሚሊግራም ሲ ከ400 ዩኒት ኢ ጋር፣ ለእርግዝና ደም ግፊት በተጋለጡ 697 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2008 ታትሟል። ሽፋን ቀድሞ መቀደድ ቫይታሚኑን ከወሰዱት በ10.6 በመቶው፣ ካልወሰዱት በ5.5 በመቶው ታየ። ከ37 ሳምንት በፊት የደረሰው ደግሞ 4.6 በመቶ ለ1.7 በመቶ ነበር። ሽፋኑን ይጠብቃል የተባለው ጥምረት መቀደዱን አበዛው። ከዚያ በፊት በ2006 የታተመው የእንግሊዝ ሙከራም በተመሳሳይ መጠን የደም ግፊቱን እንዳልቀነሰና ክብደታቸው ያነሰ ልጆችን እንዳበዛ አሳይቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱን በአንድነት ለነፍሰ ጡር አይመክርም። ይህን ጥንድ የጀመረች እናት ዛሬውኑ ብታቆም ጥሩ ነው፤ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልግም።

ለእርግዝና በቀን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ሲ 85 ሚሊግራም ነው። አንድ ብርቱካንና አንድ ጥሬ ቃሪያ ይበቁታል።

«50 ሚሊግራም ዚንክ»

የነፍሰ ጡር የቀን ፍላጎት 11 ሚሊግራም ነው፤ የላይኛው ወሰን 40። ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ አንጀት መዳብን እንዳይመጥጥ ያደርጋል። የኮላጅን ክሮችን እርስ በርስ የሚያስተሳስረው ኢንዛይም ደግሞ ያለ መዳብ አይሠራም። ኮላጅንን የሚበሉት ኢንዛይሞች በበኩላቸው የሚሠሩት በዚንክ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ዚንክ ሽፋን ይበላል» ማለትም ስሕተት ነው፤ «ያጠነክራል» ማለቱ የቆመበት መሬት እንደሌለው ግን ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት ዚንክን ለነፍሰ ጡሮች የሚመክረው በምርምር ውስጥ ብቻ ነው።

«ጨው ታቁም»

በእርግዝና የእናት ደም ስለሚቀጥን ሶዲየሟ ከ4 እስከ 5 ሚሊሞል ዝቅ ይላል፤ ይህ ጤናማ ነው። ጨው መተው የእርግዝና ደም ግፊትን እንደማይከላከል በሙከራ ታይቷል። የእንሽርት ውሃው ሶዲየም ከላይ እንዳየነው የጽንሱ ኩላሊት ሥራ ነው። ጨው መብዛት የለበትም፣ በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ ጨርሶ መተው ግን በኢትዮጵያ ሌላ ነገር ይዞ ይሄዳል። ከ2011 ጀምሮ የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በመንግሥት ደንብ ተደንግጓል፤ ነፍሰ ጡር በቀን የሚያስፈልጋት 250 ማይክሮግራም አዮዲን ለብዙዎች የሚመጣው ከዚሁ ነው። አዮዲን ያጣ ጽንስ አእምሮው ይጎዳል። ጨው ተከድኖ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። የእግር እብጠት ብቻውን ብዙ ጊዜ አያስፈራም፤ ፊትና እጅ ሲያብጥ፣ ራስ ምታት አልለቅ ሲል፣ ዓይን ሲደበዝዝ ወይም ከጡት በታች ያለው የሆድ ክፍል ሲያም ግን ደም ግፊት በዚያው ዕለት ይለካ፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ የጨው አይደለም።

ጽሑፉ ያልነካው

ስለ አዮን ሚዛን ይህን ያህል ተጽፎ ትውከት አለመነሣቱ ያሳዝናል። በእርግዝና የአዮን ሚዛን በእውነት የሚዛባው በከባድ ትውከት ነው፦ ክሎራይድና ፖታሲየም ይጠፋሉ፤ ደም ወደ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ያደላል። ምግብ የማይቆምላት፣ ሽንቷ የጠቆረና ያነሰ፣ ክብደቷ ከቅድመ እርግዝናው ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰ ሴት ጤና ተቋም መሄድ አለባት። እስክትደርስ የሚበጃት በትንሽ በትንሹ የሚጠጣ ኦአርኤስ ነው፤ አንዱ ፓኬት በትክክል 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በአነስተኛ ውሃ ከተበጠበጠ ሶዲየሙ ይበዛል። በተቋሙ ለሚሠሩ ደግሞ፦ ለሳምንታት ያስታወከች ሴት ግሉኮስ ከመሰጠቷ በፊት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) 100 ሚሊግራም ይሰጣት፤ ካልሆነ ግሉኮሱ የቀረውን ቫይታሚን ጨርሶ አእምሮዋን ይጎዳል። ፖታሲየሟ አልነሣ ካለ ማግኒዚየሟ ይለካ። ማግኒዚየም በትክክል የሚፈለግበት ቦታ አንዱ ይህ ነበር።

«ውሃው ካነሰ ወይም ከፈሰሰ 5 ሊትር ጠጥታ ትጠብቅ»

ሁለት የተለያዩ ነገሮች እዚህ ተቀላቅለዋል። ሽፋኑ ሳይቀደድ ውሃው ካነሰ እናት ውሃ መጠጣቷ በእርግጥ ሊረዳ ይችላል። በሙከራዎች 2 ሊትር ውሃ በሁለት ሰዓት ገደማ የጠጡ ሴቶች ላይ በአልትራሳውንድ የሚለካው መጠን በአማካይ 2 ሴንቲሜትር ያህል ጨምሯል። መንገዱም ይታወቃል፦ የእናት ደም ትንሽ ሲቀጥን ውሃ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ጽንሱም ብዙ ይሸናል። ውጤቱ ጊዜያዊ ነው፤ ምክንያቱንም አያክምም። ምክንያቱ የእንግዴ ልጅ ድካም፣ የጽንሱ ኩላሊት ችግር ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ለወገብ ሕመም እየተባለ ያለ ማዘዣ የሚወሰደው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ሽንት ይቀንሳል፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ኤናላፕሪልም እንደዚሁ። ውሃሽ አንሷል የተባለች ሴት መጀመሪያ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ለባለሙያው ታሳይ።

በየቀኑ 5 ሊትር ግን አይጠጣም። ኩላሊት በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ማስወጣት ያስቸግረዋል፤ በተለይ ጨው ከተተወ በኋላ የደም ሶዲየም ወርዶ ራስ ምታት፣ መደናገርና መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱ የጽሑፉ ምክሮች አንድ ላይ ሲሆኑ የበለጠ ይከፋሉ።

የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ግን መጠበቅ የለም፤ ቀዳዳው ክፍት እስከሆነ ድረስ የሚጠጣው ውሃ አይተካውም፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ባክቴሪያም ወደ ጽንሱ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ሽንት ይሁን የእንሽርት ውሃ መለየት ካቃታት ሽንቷን ጨርሳ ሸንታ ንጹሕ ሞዴስ አድርጋ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ትቀመጥ። ሞዴሱ ከረጠበና የሽንት ሽታ ከሌለው የእንሽርት ውሃ ነው ብላ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር አትጠቀም፣ ብልቷን ወደ ውስጥ አትታጠብ፣ ግንኙነት አታድርግ። ደረቅ ቢሆንም ከተደገመ ትሂድ።

በጤና ተቋም የሚደረገው ምርመራም በአዮን ላይ የቆመ ነው። የእንሽርት ውሃ በመስታወት ላይ ሲደርቅ ሶዲየም ክሎራይዱ በማይክሮስኮፕ እንደ ፈርን ቅጠል የተዘረጋ ክሪስታል ይሠራል። የብልት ፈሳሽ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ3.8 እስከ 4.5 ነው፤ የእንሽርት ውሃ ግን ከ7 በላይ ስለሆነ አሲድነትን የሚለየውን የናይትራዚን ወረቀት ሰማያዊ ያደርጋል። ደም፣ የወንድ ዘር፣ ሳሙናና የብልት ኢንፌክሽንም ወረቀቱን ሰማያዊ ስለሚያደርጉ በወረቀቱ ብቻ አይፈረድም። በእጅ ወደ ውስጥ መመርመር ኢንፌክሽን ስለሚያስገባ ምጥ ካልያዛት ይቀራል፤ ስፔኩለም በተባለ ንጹሕ የብልት ማያ መሣሪያ ይታያል።

ከ37 ሳምንት በፊት ከሆነና ምጥ ካልጀመረ ኤሪትሮማይሲን 250 ሚሊግራም በቀን አራት ጊዜ ለ10 ቀን ይሰጣል፤ ከ34 ሳምንት በታች ላለው ለሳንባ ማጎልመሻ ስቴሮይድ ይታሰባል። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን-ክላቩላኔት ገዝታ አትጀምር፤ በ2001 የታተመው የኦራክል ሙከራ ይህ መድኃኒት በሚወለዱት ልጆች ላይ አንጀት የሚያበሰብሰውን ከባድ በሽታ እንዳበዛ አሳይቷል። ስትሄድ አራት ነገር ይዛ ትሂድ፦ መፍሰስ የጀመረበትን ሰዓት፣ የውሃውን ቀለም፣ ጽንሱ መቼ እንደተንቀሳቀሰና የምትወስዳቸውን እንክብሎች ከነማሸጊያቸው። ውሃው አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳት ካለባት ወይም እትብት ከታያት አምቡላንስ ይጠራ፤ እትብቱ ከወጣ መኪናው እስኪደርስ በጉልበቷና በክንዷ ተደግፋ መቀመጫዋን ከፍ አድርጋ ትቆይ።